አድማና ሰላማዊ ሰልፍ በታሪክ ውስጥ ያላቸው ሚና፤ ከየካቲት 1966 ምን እንማራለን?



በቅርቡ በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጥያቄው «አድማ አገር ያፈርሳል ወይስ አገር ያቀናል?» የሚል ነው። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ጓደኞቻችን «ያፈርሳል እንጂ ሌላ ምን ያውቃል!» አሉ። በግድግዳው በኩል ያሉት ደግሞ «ሳይጮህ መብት ያገኘ ማን አለ?» ብለው ተነሡ። ጩኸቱ በረታ። መምህራችን ዝም ብለው ካዳመጡን በኋላ ደወሉ ሊደወል ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። የትኛውን አድማ ነው የምትሉት? ማን አደረገው? መቼ? ምን ጠየቀ? ምንስ አገኘ? አሉን። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱም ወገን መልስ የሰጠ አልነበረም።

ጥያቄው ምግብ ቤትም መኝታ ቤትም ተከተለን። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የተወሰንን ሰልጣኞች ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነውን አነበብን፤ ጡረታ የወጡ አንድ አንጋፋ መምህርም ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅን። የመረጥነው የየካቲት 1966ን አድማዎች ነው። ለምን ቢሉ፣ በዚያ ወር አደባባይ ከወጡት መካከል መምህራን ነበሩበት፤ እኛም ነገ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆም ነን። ተማሪ እጁን አውጥቶ ስለዚያ ዘመን ቢጠይቀን አንገታችንን ልንደፋ አይገባም። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ አገር ነገር ሲመጣ ብቻ እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ሀ/ በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

በክፍላችን የተፈጠረው ግርግር ግማሹ የቃላት መደባለቅ ነበር። አምስት ነገሮችን አንድ አድርገን ነበር የምንከራከረው።

1ኛ/ አቤቱታ፦ በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ወይም ቡድን ለበላይ ቀርቦ የሚያሰማው ቃል ነው። በአገራችን ጥንታዊ ነው። ንጉሥ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» ማለት አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው።

2ኛ/ ሰላማዊ ሰልፍ፦ ያው አቤቱታ ብዙ ሰው ሆኖ በአደባባይ ሲቀርብ ነው።

3ኛ/ አድማ፦ በአንድነት ሥራን በማቆም ጥያቄን ማሰማት ነው። ቃሉ ድሮ መልካም ስም አልነበረውም። «አድመኛ» ማለት ሴረኛ እንደ ማለት ነበር። እስከ ዛሬም ብዙ ሰው አድማ ሲባል የሚደነግጠው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

4ኛ/ ዓመፅ፦ በኃይል መነሣት ነው። ድንጋይም፣ እሳትም፣ ጠመንጃም ሊገባበት ይችላል።

5ኛ/ አብዮት፦ ሰው ወይም ሹም ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ሲለወጥ ነው። ቃሉ ከግዕዙ «አበየ» የወጣ ነው፤ «እምቢ አለ» ማለት ነው።

እነዚህ አምስቱ እንደ መሰላል ደረጃ ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የመጀመሪያውን የረገጠ ሁሉ ግዴታ እስከ አምስተኛው ይወጣል ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሰሚ ያገኘ ጥያቄ እዚያው ያበቃል። ሰሚ ያጣ ግን ወደ ላይ ይወጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለ/ ከየካቲት በፊት የነበረው

የየካቲት 1966 ነገር ከሰማይ ዱብ አላለም። በፊቱ የተነሡ ብዙ ጥያቄዎች ነበሩ።

ከገበሬው እንጀምር። በባሌ ከ1955 እስከ 1962 በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል የተነሣ የትጥቅ ትግል ተካሂዷል። በጎጃም ደግሞ በ1960 መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲጥል ገበሬው «ዛሬ ግብር፣ ነገ መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊወስዱ ነው» ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። በደቡብ ያለው ጭሰኛ ሸክሙ ከዚህ ይብስ ነበር። እኩል አራሽ ከሆነ የምርቱን ግማሽ፣ ሲሶ አራሽ ከሆነ ሢሶውን ለባለ መሬቱ ያስረክብ ነበር።

ተማሪዎችስ? በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። በ1958 ለማኞች ከከተማ እየተለቀሙ ሾላ በሚገኝ ማጎሪያ እንዲከተቱ መደረጉን ተቃወሙ። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱም አስከሬኑን ይዘው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ከተሰበሰቡት ተማሪዎች የተገደሉ ነበሩ።

በዚህ ላይ ረሃብ መጣ። በ1965 እና በ1966 በወሎና በትግራይ ብዙ ሕዝብ አለቀ። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ግን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንስተው አሳዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በየፊናቸው ነበሩ። የጎጃም ገበሬ ሲነሣ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበረች። ተማሪው ሲገደል ሠራተኛው ፋብሪካ ነበር። ወታደሩማ ተማሪውን እንዲመታ የታዘዘው እሱ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ያኔ ግን ድሩ ገና አላበረም።

ሐ/ ጥርና የካቲት 1966

ታሪኩ የሚጀምረው ከውሃ ነው ብንል አንሳሳትም። ጥር 4 ቀን 1966 በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ተራ ወታደሮች አደሙ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ግን ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ወታደሮቹ አገቷቸው፤ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። እንዲያው ስናስበው ይህ የጥያቄው መልስ ራሱ ነበር። የሚያዘው ሰው የታዛዡን ወጥ አንድ ቀን ቀምሶት ቢሆን ኖሮ አድማው ባልመጣ ነበር።

በየካቲት ነገሩ ወደ ከተማ ገባ። በ1966 መግቢያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ንሮ ነበር። መንግሥትም ቤንዚን ላይ ጨመረ። የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ቤንዚኑ ተወዶ ታሪፉ ባለበት ከረገጠ ምን ልንበላ ነው አሉ። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ቆመ።

በዚያው ቀን መምህራንም ሥራ አቆሙ። የእነሱን ነገር ትንሽ ዘርዘር ማድረግ አለብን፤ ጉዳዩ የራሳችን ነውና።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 የተመሠረተ ነው። መምህራኑ የደሞዝ ጥያቄ ካቀረቡ ቆይተዋል። ከዚህ ሌላ ግን በ1964 የተጠና፣ ሰዉ «ሴክተር ሪቪው» እያለ የሚጠራው የትምህርት ጥናት ነበር። ጥናቱ የውጭ አገር ባለሙያዎችም የተካፈሉበት ነው። ዋና ሐሳቡ ለብዙኃኑ ሕፃናት አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ለጥቂቶች መጥኖ መያዝ ነበር።

በቅንነት ካየነው ጥናቱ በጎ ጎንም ነበረው። ያን ጊዜ ከአገሪቱ ልጆች አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ለሁሉም አራት ዓመት ይድረስ ማለት ክፉ ሐሳብ አይደለም። ታዲያ ለምን ተቃጠለ? እኛ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። አንደኛ፣ ወላጁ የተረዳው «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አይለፍ» ማለት እንደሆነ ነው። ልጁን ከከብት ጠባቂነት አውጥቶ ትምህርት ቤት የላከ ሰው ተስፋው አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያም ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ መምህሩ ሸክሜ ይበዛል፣ ደሞዜም ይነካል ብሎ ሰጋ። ሦስተኛውና ዋናው ግን፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጥ መቆየቱ ነው። ሥራውን የሚሠራው መምህር ሳይሰማው፣ ልጁን የሚልከው ወላጅ ሳያውቀው ተወሰነ። እውነት ሲደበቅ ወሬ ይነግሣል። ወሬ ደግሞ ሰነዱ ላይ ከተጻፈውም የባሰ አድርጎ ያወራል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የካቲት 16 ቀን መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፤ ሴክተር ሪቪውንም አቆየው። ለወታደሩ ደሞዝ ጨመረ። ይሁንና በዚያው ሳምንት አሥመራ ያለው ጦር አደመ። የካቲት 20 ቀን ከ1953 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ፤ በማግስቱ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። የካቲት 28 ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ካህናት ሳይቀሩ ደሞዝ ይሻሻልልን አሉ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው የታወጁት ከዚህ በኋላ በ1967 ነው። ዛሬ በረመዳንና በአረፋ በዓል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስንውል ይህን ሰልፍ የሚያስታውስ ስንቱ ነው?

መ/ ለምን ያኔ ተሳካ?

የጎጃሙም፣ የተማሪውም ጥያቄ ለዓመታት ሳይመለስ ቆይቶ የየካቲቱ በሳምንታት ካቢኔ ያወረደው ለምንድን ነው? ሦስት ምክንያት አገኘን።

አንደኛ፣ ጥያቄዎቹ በአንድ ጊዜ መጡ። ባለ ታክሲው ስለ ቤንዚን፣ መምህሩ ስለ ጥናቱ፣ ወታደሩ ስለ ውሃ፣ ሙስሊሙ ስለ እኩልነት ነበር የሚናገረው። ጥያቄው ለየቅል ነው፤ የሚንኳኳው በር ግን አንድ ነበር።

ሁለተኛ፣ ወታደሩ ራሱ ባለ ጉዳይ ነበር። ድሮ ሰልፍ ሲበተን በትር የሚይዘው እሱ ነው። እሱም አቤት ባይ ሲሆን በትሩን የሚያነሣ ታጣ።

ሦስተኛ፣ መንግሥት መልስ የሚሰጠው ዘግይቶና እየቆነጠረ ነበር። ለወታደሩ ሲጨምር ፖሊሱ ሰማ፤ ቤንዚን ሲቀንስ የፋብሪካ ሠራተኛው ሰማ። ሁሉም «ለካ ሲጮህ ነው የሚሰጡት» ብሎ ተሰለፈ። አባቶች «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለም? እንግዲህ አገር በሙሉ ያንን ተማረ። ቀደም ብሎ በምክክር ቢሰጥ ኖሮ እንደ ፍትሕ ይቆጠር የነበረው ነገር፣ ከጩኸት በኋላ ሲሰጥ እንደ ድክመት ተቆጠረ።

ሠ/ በሩ ተከፈተ፤ ማን ገባ?

እስካሁን ያለው ለግድግዳው ወገን ጓደኞቻችን የሚመች ነው። አሁን ደግሞ በመስኮቱ በኩል ያሉትን እንስማ።

አድማው ካቢኔ አወረደ፤ ነገር ግን በቦታው የሚቆመውን አላዘጋጀም። መምህሩ፣ ሠራተኛውና ተማሪው የሚቃወሙትን በደንብ ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን፣ በምን ሕግ ያስተዳድር በሚለው ላይ ግን አንድ ሆኖ የተደራጀ ኃይል አልነበረም። የተደራጀውና መሣሪያ የያዘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጦሩ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ደርግ ተቋቋመ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ የውጭ አገር ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀያየረ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ሁላችንም ማወቅ ያለብን ነገር እነሆ። ንጉሡን ያወረደው ያው የመስከረም 2 አዋጅ አድማ ማድረግንና ያልተፈቀደ ሰልፍና ስብሰባን ከለከለ። አድማ ያመጣው ለውጥ በዚያችው ዕለት አድማን ዘጋ። የሠራተኞች ማኅበር የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ቢጠይቅ በዚያው ወር መሪዎቹ ታሰሩ፤ ማኅበሩም ኋላ ፈርሶ ሌላ ተተካ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉም እንዳልካቸውም፣ ከእነሱ መካከል ነበሩ።

በሌላ በኩል ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ተማሪዎቹ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተሰለፉ ልክ አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ጭሰኝነት ቀረ። እኩል አራሽነትና ሲሶ አራሽነት ታሪክ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ያንን ጥያቄ ያነሣው ትውልድ ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ስንቱ ወጣት፣ ስንቱ መምህር አለቀ! በ1969 የሜይ ዴይ ዋዜማ ብቻ በአዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገድለዋል።

የጠየቅናቸው አንጋፋ መምህር ያጫወቱን አይረሳንም። የካቲት 11 ቀን ክፍል አንገባም ሲሉ ሐሳባቸው በሳምንት ውስጥ ጥቂት ብር ተጨምሮላቸው መመለስ ነበር። በመስከረም ንጉሥ አይኖርም ብሎ ያሰበ አንድም መምህር አያስታውሱም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወንበሮቹን ሲቆጥሩ ባለቤት ያጡት ብዙ ነበሩ አሉን። እኛ የምንጽፈው ነበር፤ ደብተራችንን አጠፍነው። ሻይ ቀድተው «ጠጡ እንጂ ልጆቼ» እስኪሉን ድረስ ማንም አልተናገረም።

ረ/ አንድ የውጭ አገር ምሳሌ

ታዲያ አድማ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው ማለት ነው? አይደለም። ዝግጅትና ድርጅት ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት በአሜሪካ አላባማ ግዛት የሞንትጎምሪ ከተማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ የተባሉ ጥቁር ሴት በአውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ መቀመጫ አልለቅም በማለታቸው ታሰሩ። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ የኮሌጅ መምህርት ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በኮሌጁ ማባዣ መሣሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ሲያባዙ አደሩ። ወረቀቱ ጥቁሮች አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ የሚጠራ ነበር።

ሕዝቡ 381 ቀን አውቶቡስ አልተሳፈረም። ለአንድ ቀንማ ማንም ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ግን በቁጣ ብቻ አይቻልም። ማን በማን መኪና እንደሚሄድ ተደልድሎ፣ መነሻና መድረሻ ቦታ ተወስኖ፣ ገንዘብ ተዋጥቶ ነው። የቀረው በእግሩ ሄደ። ወጣቱ ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ የመሪነት ስማቸው የታወቀው በዚህ ነው። የቄሱ ቤት በቦምብ ሲመታ ተከታዮቻቸው ለበቀል እንዳይነሡ ከልክለዋል። ጉዳዩም በጎን ለፍርድ ቤት ቀርቦ ስለነበር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ውስጥ መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ።

ሁለቱን አገሮች ማስተካከላችን አይደለም። እዚያ አቤት የሚባልበት ፍርድ ቤት ነበር፤ እዚህ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ያ አልነበረም። ሆኖም ልዩነቱን ማየት ይጠቅማል። እዚያ ጥያቄው አንድና ግልጽ ነበር፤ ድርጅት ነበረ፤ የድንጋይ ውርወራ አልገባበትም፤ ከበሩ በስተጀርባም መልሱን በሕግ የሚያጸና ወገን ነበር።

ሰ/ ይህ ሁሉ ለእኛ ለሰልጣኞች ምን ማለት ነው?

አንድ የራሳችንን ጉድ እንናገር። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በተማርንበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ሰነበተ። ለኃላፊዎች ብንናገር «ይታያል» ተባልን። ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከእረፍት በኋላ አንዱ ድንጋይ ወረወረ፤ ከዚያ ማን ያቁመው? የሁለት ክፍል መስኮት ረገፈ። እኛም ወርውረናል፤ ምን እንዋሻለን። ውሃው በሦስተኛው ቀን መጣ። «አየህ፣ ሠራን!» ተባባልን። መስኮቱ ግን ያን ክረምት ሙሉ ሳይሠራ ቀረ፤ በዝናብና በብርድ የተማርነው እኛው ነን። ሁለት ልጆች ተባረሩ። አንደኛው ድንጋይ እንዳልወረወረ የምናውቅ ብዙ ነበርን፤ ቀርቦ የመሰከረለት ግን አንድም አልነበረም። ለውሃ አብረን ጮኸን፣ ለልጁ ሲሆን ዝም አልን። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

የነገሌ ወታደር ጥያቄም ውሃ ነበር፣ የእኛም ውሃ። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ በቃል ተጠይቆ ሰሚ አልተገኘም። እንግዲህ የክፍላችንን ጥያቄ ለመመለስ እንሞክር። አድማና ሰልፍ ብቻውን አገር አያፈርስም፣ አያቀናምም። የሚያደርገው አንድ ሥራ ነው፤ የተዘጋ በር እንዲከፈት ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ጥያቄው ምን ያህል ግልጽ ነው? ጠያቂው ምን ያህል ተደራጅቷል? እጁስ ምን ይዟል፣ ወረቀት ወይስ ድንጋይ? ሥልጣን የያዘውስ የሚሰማው ገና በአቤቱታ ነው ወይስ ከተቃጠለ በኋላ? የየካቲት ሰዎች ጥያቄያቸው እውነት ነበር። የተከተለው ደም ጥያቄያቸውን ሐሰት አያደርገውም። ጥያቄያቸው እውነት መሆኑም ደሙን ከታሪክ አይሰርዘውም። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ዛሬ በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለ ይደነግጋል። በአንቀጽ 42 ደግሞ የሠራተኞችን የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ያነሣል። ይህ በወረቀት የተጻፈው በስንት ሰው ሕይወት እንደተገዛ ካልተማርነው አንቀጹ ለተማሪ የሚሸመደድ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ስለሆነም መምህር ስንሆን ሦስት ነገር አደራ አለብን እንላለን።

1/ ወሬንና እውነትን መለየት። ሴክተር ሪቪውን ያቃጠለው ግማሹ መደበቁ ነው። በክፍላችንም፣ በትምህርት ቤታችንም የሚወሰን ነገር ካለ በግልጽ እንንገር፤ ያላወቅነውንም አላወቅንም እንበል።

2/ ተማሪን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መስማት። እጁን ያወጣ ልጅ «ቁጭ በል!» ብቻ ከተባለ፣ ነገ እጁን ሳይሆን ድንጋይ ያነሣል። ሁሉን እሺ ማለት አይደለም፤ ሰምቶ፣ ምክንያት ሰጥቶ፣ በቀጠሮው መልስ መስጠት ነው።

3/ ታሪክን ሳይከፍሉ ማስተማር። የመሬት አዋጁን አስተምሮ ቀይ ሽብርን መዝለል፣ ወይም ቀይ ሽብርን አስተምሮ ጭሰኛው ይሸከም የነበረውን መዝለል፣ ሁለቱም ግማሽ ትምህርት ነው።

በመስኮቱም በግድግዳውም በኩል ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ የጎደለ ወይም የተሳሳትነው ካለ መልሳችሁን ጻፉልን። የተከበራችሁ መምህራንም እርማታችሁን አትንፈጉን። በሚቀጥለው እትም እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን። ያን ልጅ በተመለከተ ግን እኛ የምናውቀውን በጊዜው አልተናገርንም፤ ቢያንስ አሁን በጽሑፍ ተናግረናል።